የፕሮሰሰሩን ጣሪያ ማን ዝቅ አደረገው?

ከ3 ጊጋኸርዝ በላይ መሥራት የሚችል ፕሮሰሰር ያለው አንድ ላፕቶፕ ከ800 ሜጋኸርዝ አልንቀሳቀስ ብሎ ባለቤቱን ሲያንገላታ በቅርብ አይቻለሁ። ሰውየው መጀመሪያ ቫይረስ ነው ብሎ አጸዳ። ቀጥሎ ስርዓተ ክወናውን እንደ አዲስ ጫነ። ከዚያም ማህደረ ትውስታ ገዝቶ ጨመረ። ማሽኑ ግን ያው ነበር፤ አንድ ገጽ ለመክፈት ያቃስታል፣ ማራገቢያው ደግሞ ድምፁ አይሰማም። ፍንጩ ያለው እዚያ ጸጥታ ውስጥ ነበር። ሥራ የበዛበት ፕሮሰሰር ይሞቃል፣ ማራገቢያውም ይጮኻል። ይህኛው ግን ሥራ ተደራርቦበት ሳለ ቀዝቃዛ ነበር። አንድ ነገር አስሮታል ማለት ነው። ማን እንዳሰረው ለማወቅ በስርዓተ ክወናው ውስጥ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት የሚያስተዳድረውን ክፍል ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህም ክፍል ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ጥንቃቄ የሞላበት ነው።

ፕሮሰሰር የሚሠራው በምት ነው። በእያንዳንዱ ምት ሥራው አንድ እርምጃ ወደፊት ይሄዳል፤ በአንድ ሰከንድ የሚመታው ብዛት ድግግሞሽ ይባላል። 1 ጊጋኸርዝ ማለት በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ምት ነው። ብዙዎቻችን ይህን ቁጥር እንደ ዕቃው ክብደት የማይለወጥ አድርገን እናየዋለን። ዛሬ በእጃችን ያሉት ፕሮሰሰሮች ግን በአንድ ሰከንድ ውስጥ ደጋግመው ፍጥነታቸውን ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ። ኢንቴል ስፒድስቴፕ የተባለውን ዘዴ በላፕቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ይዞ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2000 ነበር፤ ሌሎቹ ፕሮሰሰር አምራቾች ኤኤምዲና ትራንስሜታም በዚያው ዓመት የየራሳቸውን አቀረቡ።

ፍጥነትን መቀነስ ለምን አስፈለገ? መልሱ ቮልቴጅ ላይ ነው። ትራንዚስተሮች፣ ማለትም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ማብሪያና ማጥፊያዎች፣ ሲቀያየሩ የሚወስዱት ኃይል ከድግግሞሹ ጋር እኩል ያድጋል፤ ቮልቴጁ ግን በስሌቱ ውስጥ የሚገባው በራሱ ተባዝቶ ነው። ከፍ ያለ ድግግሞሽ ደግሞ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋል፤ አለበለዚያ ምልክቱ ከአንዱ ምት እስከ ሌላው ድረስ ቦታው አይደርስም። ስለዚህ ፍጥነት ሲጨምር ኃይሉ በሁለት በኩል ይጨምራል። ፔንቲየም ኤም የተባለውን የቆየ ባለ 1.6 ጊጋኸርዝ የኢንቴል ፕሮሰሰር እንውሰድ። በሙሉ ፍጥነቱ 1.484 ቮልት ይፈልግ ነበር፤ ወደ 600 ሜጋኸርዝ ሲወርድ 0.956 ቮልት ይበቃዋል። ድግግሞሹ ወደ 2.7 እጥፍ ገደማ ሲያንስ፣ በስሌቱ መሠረት ለመቀያየር የሚወጣው ኃይል ከ6 እጥፍ በላይ ያንሳል። እንዲያውም እስከ ታች መውረድ አያስፈልግም። ይኸው ፕሮሰሰር ከ1.6 ወደ 1.4 ጊጋኸርዝ ሲወርድ ቮልቴጁ 1.42 ይሆናል፤ ከፍጥነቱ 12.5 በመቶ ሲያጣ ከኃይሉ 20 በመቶ ያህል ይቆጥባል። በፍጥነት ጫፍ ላይ ያለችው የመጨረሻዋ ቁራጭ ሁልጊዜም ውድ ናት። ጣሪያን፣ ማለትም የተፈቀደውን ከፍተኛ ፍጥነት፣ ትንሽ ዝቅ ማድረግ ሙቀትን በብዙ የሚያበርደው ለዚህ ነው።

ድግግሞሽና ቮልቴጅ ጥንድ ከሆኑ ጥንዱን የሚያውቅ አካል ያስፈልጋል። ያ አካል ድራይቨሩ ነው፤ ስርዓተ ክወናው ሃርድዌሩን የሚያዝበት ፕሮግራም ማለት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ቀሪው ነገር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ፕሮሰሰሩ ወደ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ ቮልቴጁ ከፍ ይላል፣ ከተረጋጋ በኋላ ድግግሞሹ ይከተላል። ወደ ታች ሲወርድ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ድግግሞሹ ቀድሞ ይወርዳል፣ ቮልቴጁ በኋላ ይቀነሳል። ይህ ከተዛባ ፕሮሰሰሩ ለአጭር ቅጽበት ለፍጥነቱ የማይበቃ ቮልቴጅ ይዞ ይሮጣል፤ ውጤቱም የተሳሳተ ስሌት ወይም የማሽኑ መቆም ነው። በስልኮችና በትናንሽ ሰሌዳዎች ላይ በሚገኙት የአርም ፕሮሰሰሮች ይህ ጥንድ ብዙውን ጊዜ በሰንጠረዥ ተጽፎ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ መስመር አንድ ድግግሞሽና የሚገባውን ቮልቴጅ ይይዛል። በአዳዲሶቹ የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ደግሞ ቮልቴጁን ፕሮሰሰሩ ራሱ ይመርጣል፤ ድራይቨሩ የሚናገረው የሚፈልገውን ደረጃ ብቻ ነው።

ሊኑክስ በተባለው ስርዓተ ክወና እምብርት፣ ማለትም በከርነሉ ውስጥ፣ ይህ ሥራ ሲፒዩፍሪክ በሚባል ክፍል ውስጥ ለሦስት ተከፍሏል። የመጀመሪያው ገቨርነር ይባላል፤ አሁን ስንት ፍጥነት ይሻላል የሚለውን ይገምታል። ሁለተኛው ማዕከሉ ነው፤ ገደቦቹን ይይዛል። ሦስተኛው ድራይቨሩ ነው፤ ሃርድዌሩን የሚነካው እርሱ ብቻ ነው። ገቨርነሮቹ ብዙ ናቸው። «ፐርፎርማንስ» ሁልጊዜ ጣሪያው ላይ ይቀመጣል፣ «ፓወርሴቭ» ሁልጊዜ ወለሉ ማለትም ዝቅተኛው ገደብ ላይ፤ «ኦንዲማንድ» ፕሮሰሰሩ ምን ያህል እንደተያዘ በየጊዜው እየለካ ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ2016 የገባው «ስኬድዩቲል» ደግሞ ሥራን ለፕሮሰሰሩ ከሚያከፋፍለው የከርነሉ ክፍል በቀጥታ መረጃ ይቀበላል። ገቨርነሩ የፈለገውን ቢመኝ ግን ምኞቱ በማዕከሉ በተቀመጠው ጣሪያና ወለል መካከል መውደቅ አለበት። ፍጥነትን መገደብ ስንል የምንነካው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ነው።

ተጠቃሚው ቁጥሮቹን የሚያገኛቸው እንደ ተራ ፋይል ነው። «ስኬሊንግ ማክስ ፍሪክ» የተባለው ፋይል ጣሪያውን፣ «ስኬሊንግ ሚን ፍሪክ» የተባለው ወለሉን ይይዛል። ቁጥሩ የሚጻፈው በኪሎኸርዝ ስለሆነ 1.4 ጊጋኸርዝ 1400000 ተብሎ ይጻፋል። አንድ ዜሮ መርሳት ቀላል ስለሆነ ከጻፉ በኋላ ፋይሉን መልሶ ማንበብ ይጠቅማል። ከእነዚህ ጎን «ሲፒዩኢንፎ ማክስ ፍሪክ» የሚባል ሌላ ፋይል አለ፤ እርሱ የሃርድዌሩን አቅም ይናገራል እንጂ አይጻፍበትም። የሁለቱ ጣሪያዎች ልዩነት አንድ ሰው ወይም አንድ ነገር ገደብ እንዳስቀመጠ ይመሰክራል።

ግን ማን? ጣሪያውን ዝቅ ማድረግ የሚችለው ተጠቃሚው ብቻ አይደለም። ሙቀትን የሚከታተለው የከርነሉ ክፍል ፕሮሰሰሩ ከተወሰነ ደረጃ በላይ ሲሞቅ ጣሪያውን ደረጃ በደረጃ ይስባል። ከማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ ከሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) ጋር የሚመጣው ሶፍትዌር፣ ፈርምዌር፣ በበኩሉ «ከዚህ ደረጃ በላይ አትሂድ» የሚል መልእክት ሊልክ ይችላል። የኃይል ቆጣቢ ፕሮግራሞችም ላፕቶፑ ከሶኬት ሲነቀል የራሳቸውን ቁጥር ይጽፋሉ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢጠይቁ ምን ይሆናል? ሕጉ ቀላል ነው፤ ከጣሪያዎቹ ሁሉ ዝቅተኛው፣ ከወለሎቹ ሁሉ ከፍተኛው ይጸናል። ወለሉ ከጣሪያው በላይ ሆኖ ቢገኝ ጣሪያው ያሸንፋል፣ ወለሉ ወደ እርሱ ይወርዳል። ይህ ትክክለኛ ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ። ጣሪያ ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው ጉዳት ለመከላከል ነው፤ ወለል የሚቀመጠው ግን ለምቾት ነው።

ጥያቄዎቹ የሚሰበሰቡበት መንገድ እ.ኤ.አ. በ2019 ተለውጧል። ከዚያ በፊት ገደቡ በተሰላ ቁጥር ከርነሉ ለሚመለከታቸው ሁሉ ጥሪ ያሰማ ነበር፤ እያንዳንዱም እየመጣ ቁጥሩን በራሱ እጅ ይቆርጥ ነበር። አሁን ግን እያንዳንዱ ጠያቂ የራሱን ጥያቄ በዝርዝር ውስጥ ያስመዘግባል፣ ሲፈልግም ያሻሽለዋል። ተጠቃሚው ጣሪያውን 1.4 ጊጋኸርዝ አድርጎ ሳለ ሙቀት መጥቶ ወደ 1 ጊጋኸርዝ ቢያወርደው፣ ሙቀቱ ሲያልፍ ያ ጥያቄ ይነሳል፤ የተጠቃሚው 1.4 ሳይነካ ቆይቷልና ወዲያው ሥራ ላይ ይውላል። የማንም ጥያቄ የሌላውን አይደመስስም።

ከዝርዝሩ የወጣው ውጤት በቀጥታ ወደ ሃርድዌሩ አይሄድም። ድራይቨሩ «ማረጋገጫ» የሚባል አንድ ተግባር አለው፤ ማንኛውም አዲስ ገደብ በዚያ በር ማለፍ አለበት። በዚያ በር ላይ ድራይቨሩ ቁጥሮቹን ሃርድዌሩ ወደሚችለው ክልል ያስገባል፤ ጣሪያውን 9 ጊጋኸርዝ አድርግልኝ የሚል ጥያቄ ቢመጣ ወደ እውነተኛው አቅም ይመልሰዋል። ከዚህ የረቀቀው ጉዳይ ፕሮሰሰሩ የተወሰኑ ደረጃዎች ብቻ ሲኖሩት ይመጣል። ፔንቲየም ኤም የነበሩት ደረጃዎች 600፣ 800፣ 1000፣ 1200፣ 1400 እና 1600 ሜጋኸርዝ ናቸው። ጣሪያውን 1500 ካደረጉት ችግር የለም፣ 1400 ላይ ይቆማል። ወለሉን 1250፣ ጣሪያውን 1350 ቢያደርጉትስ? በመካከላቸው አንድም ደረጃ የለም። ድራይቨሩ መሄጃ የሌለውን ክልል መቀበል አይችልም፤ ስለዚህ ጣሪያውን ወደሚቀጥለው ደረጃ ወደ 1400 ከፍ ያደርገዋል። ያስቀመጡት ቁጥር ሳይጠየቁ ሲለወጥ ካዩ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

አዳዲስ ፕሮሰሰሮች ይህን ሥዕል በከፊል ቀይረውታል። እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ሊኑክስ የገባው የኢንቴል ፒ-ስቴት ድራይቨር በተለመደው አሠራሩ የጋራ ገቨርነሮቹን ትቶ በራሱ ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ2015 ስካይሌክ የተባሉት ፕሮሰሰሮች ሲወጡ ደግሞ ውሳኔው ወደ ሃርድዌሩ ገባ፤ ስርዓተ ክወናው ወለሉን፣ ጣሪያውንና ለቁጠባ ወይስ ለፍጥነት ይደላ የሚለውን ምርጫ ይነግረዋል፣ ቀሪውን ፕሮሰሰሩ ራሱ ይጨርሳል። በዚህ አሠራር ገደብ የበለጠ ትርጉም ያገኛል፤ ስርዓተ ክወናው በእጁ ከቀሩት ጥቂት መሪዎች አንዱ እርሱ ነውና። አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። በኢንቴል ፒ-ስቴት ውስጥም «ፓወርሴቭ» የሚል ስም አለ፤ ትርጉሙ ግን ወለሉ ላይ ቁጭ ማለት አይደለም። እንደ ሥራው ብዛት ከፍ ዝቅ ይላል። ላፕቶፓቸው «ፓወርሴቭ» ላይ መሆኑን አይተው የዝግመቱን ምክንያት ያገኙ የመሰላቸው ብዙ ሰዎች የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ቱርቦም የራሱ ጉዳይ አለው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2008 ካስተዋወቀው ወዲህ ፕሮሰሰሮች ከመደበኛ ፍጥነታቸው በላይ ለጊዜው መውጣት ይችላሉ፤ ምን ያህል እንደሚወጡ የሚወስኑት ሙቀቱ፣ ያለው ኃይልና በሥራ ላይ ያሉት ኮሮች (በአንድ ፕሮሰሰር ውስጥ ያሉት የስሌት ክፍሎች) ብዛት ናቸው። የኢንቴል ፒ-ስቴት ድራይቨር ቱርቦን ለብቻው የሚዘጋ «ኖ ቱርቦ» የተባለ ፋይል አለው። ማራገቢያው የሚጮኽበትን ላፕቶፕ ለማረጋጋት ለፈለገ ሰው የምመክረው መጀመሪያ ይህን ነው፤ ውዷን የመጨረሻ ቁራጭ ይቆርጣል፣ መደበኛውን ፍጥነት ግን አይነካም።

አሁን ወደዚያ ላፕቶፕ እንመለስ። በሚያሠራው ሊኑክስ ላይ ተጠቃሚው ያስቀመጠው ገደብ አልነበረም፤ ሙቀትም አልነበረም። የፈርምዌሩን ገደብ የሚያሳየውን «ባዮስ ሊሚት» የተባለ ፋይል ስናነብ 800000 ይላል። ጣሪያውን ያወረደው ፈርምዌሩ ነበር። አሮጌው ቻርጀር ተበላሽቶ በሌላ ተተክቶ ኖሯል፤ ላፕቶፑ ደግሞ የአዲሱን ቻርጀር የኃይል መጠን ማወቅ አልቻለም። ፈርምዌሩ ስንት ዋት እንደሚመጣለት ካላወቀ ዝቅተኛውን ያስባል፣ ጣሪያውንም ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ያስቀምጣል። ስርዓተ ክወናውን እንደገና መጫን ምንም ያልፈየደው ለዚህ ነው፤ ትእዛዙ የሚመጣው ከሥሩ ነበር። ከርነሉ የፈርምዌሩን ገደብ ችላ እንዲል የሚያደርግ ቅንብር አለ፤ በየቦታው እንደ ፈውስ ሲታደልም አያለሁ። እባካችሁ ምክንያቱን ሳታውቁ አትንኩት። ቻርጀሩ በእውነት ደካማ ከሆነ ከአቅሙ በላይ ሲጎተት ይሞቃል፣ ወይም ማሽኑ በሥራ መካከል ይጠፋል። ትክክለኛ ቻርጀር ሲሰካ ፋይሉ ላይ ያለው ቁጥር ወዲያው ወደ ላይ ተመለሰ።

ፋይሎቹ ሁሉ ከፍተኛ ቁጥር እያሳዩ ፕሮሰሰሩ ዝግ የሚልበት ጊዜም አለ። ያን ጊዜ ገደቡ ያለው ከስርዓተ ክወናው እይታ ውጭ ነው። ለምሳሌ በማዘርቦርዱ ላይ ያለ ሌላ ክፍል፣ የኃይል አቅርቦቱ ሊሆን ይችላል፣ ለፕሮሰሰሩ «ሞቋል» የሚል የኤሌክትሪክ ምልክት ሊልክለት ይችላል፤ ፕሮሰሰሩም ማንንም ሳይጠይቅ ፍጥነቱን ይጥላል። ይህን የሚያጋልጡት በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉ ሁለት ቆጣሪዎች ናቸው፤ አንዱ በቋሚ ፍጥነት ይቆጥራል፣ ሌላው በእውነተኛው ፍጥነት። የሁለቱ ንጽጽር ፕሮሰሰሩ በተግባር ምን ያህል እንደሮጠ ይናገራል። ጣሪያ ፈቃድ ነው እንጂ ዋስትና አይደለምና የተጻፈውን ከተለካው ጋር ማመሳከር ግድ ነው።

ስለ ገደብ ሲነሳ የአፕልን ጉዳይ መዝለል አይቻልም። የሊቲየም ባትሪ ሲያረጅ የውስጥ ተቃውሞው ይጨምራል፤ ፕሮሰሰሩ በድንገት ብዙ ኃይል ሲጠይቅ የባትሪው ቮልቴጅ ይወድቅና ስልኩ ይጠፋል። አፕል እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ባወጣው አይኦኤስ 10.2.1 ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖች ከፍተኛ ፍጥነታቸው እንዲገደብ አደረገ። ስልኮቹ መጥፋታቸው ቀነሰ። ባለቤቶቹ ግን ስልካቸው ለምን እንደዘገመ በግልጽ አልተነገራቸውም ነበር። ኩባንያው ድርጊቱን በይፋ ያመነው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ፣ ሌሎች ለክተው ካሳዩ በኋላ ነው፤ ይቅርታ ጠየቀ፣ የባትሪ መቀየሪያ ዋጋውን ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ፣ በ2020 ደግሞ በአሜሪካ ለቀረበበት ክስ እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። እኔ እንደማየው ምህንድስናው ትክክል ነበር፤ ጥፋቱ ዝምታው ነው። ጣሪያ ያወረደ አካል ማንነቱና ምክንያቱ የሚነበብበት ቦታ ሊኖር ይገባል።

ገደብ ለደህንነትም ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ክሎክስክሩ ብለው በሰየሙት ጥቃት ከአስተማማኙ ክልል የወጣ የድግግሞሽና የቮልቴጅ ጥንድ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አሳዩ። በኔክሰስ 6 ስልክ ላይ በከርነሉ ውስጥ ሆነው ድግግሞሹን ቮልቴጁ ከሚሸከመው በላይ ገፉት። ፕሮሰሰሩ በትክክለኛው ቅጽበት አንድ ስህተት ሠራ፤ በዚያች ስህተት ትረስትዞን በተባለው የተከለለ ክፍል ውስጥ የነበረ ሚስጥራዊ ቁልፍ ወጣ። ክልሉን የሚጠብቀው ሶፍትዌሩ ብቻ ነበር፤ በሃርድዌሩ ውስጥ የሚመልስ አጥር አልነበረም። ከከርነሉ ውጭ ያለ ፕሮግራም ወደ ሃርድዌሩ እንዳይደርስ የሚያደርገው የድራይቨሩ በር ነው፤ ከርነሉን የያዘ ሰው ግን በሩን አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ አጥሩ በሁለቱም ቦታ መኖር አለበት።

የራስዎን ማሽን መገደብ ይገባዎታል ወይ? ምክንያትዎ ሙቀት ወይም ጩኸት ከሆነ አዎ፣ ጣሪያውን በመጠኑ ዝቅ ያድርጉ። ባትሪ ለመቆጠብ ከሆነ ነገሩ እንደዚያ ቀጥተኛ አይደለም። ሥራን በፍጥነት ጨርሶ ወደ ጥልቅ እንቅልፍ መግባት አንዳንድ ጊዜ በዝግታ ከመሥራት ያነሰ ኃይል ይፈጃል፤ ፕሮሰሰሩ እስካልተኛ ድረስ ስክሪኑም ማህደረ ትውስታውም ከእርሱ ጋር ነቅተው ይበላሉ። በተለይም ቮልቴጁ ከዚያ በታች መውረድ የማይችልበት ነጥብ ላይ ከደረሰ በኋላ ድግግሞሹን ብቻ መቀነስ ሥራውን ከማራዘም በቀር እምብዛም ትርፍ የለውም። ስለዚህ ጣሪያውን ከላይ ትንሽ መቁረጥ ጠቃሚ ነው፣ እስከ ወለሉ መጎተት ግን አብዛኛውን ጊዜ ኪሳራ ነው። ወለሉን ከፍ ማድረግ የሚያስፈልጋቸውም አሉ፤ ድምፅ በቀጥታ የሚቀዳ ሰው ፕሮሰሰሩ ከታች እስኪነሳ የሚፈጀው ቅጽበት በቀረጻው ላይ መቆራረጥ ሊያመጣበት ይችላል።

በፋይሉ ላይ የጻፉት ቁጥር ማሽኑ ተዘግቶ ሲነሳ ይጠፋል፤ እንዲቆይ ከፈለጉ በሚነሳበት ጊዜ የሚጽፈው አገልግሎት ማዘጋጀት አለብዎት። ኮሮቹም ድግግሞሻቸውን በሚጋሩበት ቡድን ይከፈላሉ፣ እያንዳንዱ ቡድን የራሱ ፋይል አለው። አንዱን ቡድን ገድበው ሌላውን ከረሱ ሥራው ወደ ነጻው ቡድን ሊሄድ ይችላል፤ ማራገቢያውም መጮኹን ይቀጥላል።